የሞላላ ኳስ ተጫዋቹ መርዶ

ሲያትል ውስጥ ሶዶ በሚሉት ሰፈር፣ አንድ የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ በተቀጠርኩበት ሳምንት፣ ፎርክሊፍት የሚነዳውን ሰው አይቼ ከእስር ቤት የወጣ ነው ብዬ ደመደምኩ። ቁመቱ በር ይሞላል። አፍንጫው ሁለት ቦታ ታጥፏል፤ የግራ ጆሮው ተጨምቆ እንደ ደረቀ ሊጥ ነው፤ የቀኝ እጁ ትንሿ ጣት ከሌሎቹ የተጣላች ይመስል ወደ ውጭ ታያለች። ደረጃ ሲወርድ በጎኑ ነበር የሚወርደው። እኔ ቶሎ መደምደም እወዳለሁ። ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ በሱዳን በኩል መጥቼ ሲያትል ከገባሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ከእንግዲህ የሚያስደነግጠኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

መጀመሪያ ሥራዬ ሳልሞን ማሸግ ነበር። በኋላ እንግሊዝኛዋ ይሻላል ተባልኩና ከመጋዘኑ ጥግ ባለች ትንሽ ቢሮ ስልክ ማንሳትና የጭነት ወረቀት መሙላት ጀመርኩ። ሰውየው ወረቀት ሊያስፈርም ይመጣል፤ የሚናገረው አንድም አይገባኝም። የራሴ ድክመት መስሎኝ አፍሬ ስኖር፣ ለካ አሜሪካኖቹም አይገባቸውም። አውስትራሊያዊ ነው ሲሉኝ እፎይ አልኩ። ሁለታችንም አነጋገራችን የሚያስቅ ሰዎች ነበርንና በዚያው ተግባባን። ዝናብ ሲሆን በፒካፑ እስከ ሰፈሬ፣ እስከ ሴንትራል ዲስትሪክት ያደርሰኛል፤ እኔ ደግሞ በጭነት ወረቀቱ ላይ የሚሳሳታትን ቀን አርምለታለሁ። ቀን በጣም ይሳሳታል። ማክሰኞን ዓርብ ብሎ ሲጽፍ እስቅበት ነበር።

ኳስ ተጫዋች እንደነበረ ያወቅሁት በጋሼ ሱቅ ነው። ጋሼ የቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው፤ ቼሪ መንገድ ላይ ሩዝ፣ ምስርና በርበሬ የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። አገር ቤት ሳሉ የሰፈር ቡድን አሠልጥነዋል። ኳስ አላስችል ብሏቸው ከባንኮኒው በላይ ቴሌቪዥን ሰቅለው ኬብል አስገቡ፤ ያን ጊዜ ደግሞ የስፖርት ጣቢያው የሚያሳየው ሲያጣ ከዓለም ዳር ያገኘውን ሁሉ ያሳይ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አውስትራሊያዊው ሊያደርሰኝ መጥቶ ለስላሳ ሊገዛ አብሮኝ ገባ። ቀና ብሎ ቴሌቪዥኑን ሲያይ ባለበት ቆመ።

እኔም አየሁ፤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሜዳው ክብ ነው፣ ኳሱ ሞላላ ነው፣ በየጫፉ አራት አራት ረጃጅም ቋሚ ተተክሏል። ሠላሳ ስድስት ወንድ እጅጌ የሌለው ሹራብና አጭር ቁምጣ ለብሶ፣ ራሱን የሚሸፍንበት ምንም ሳይኖረው ይላተማል። አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ በጉልበቱ ወጥቶ ኳሷን ከሰማይ ይቀልባል። የተረገጠው ሰውዬ መሬት ላይ ሲቀር ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ግብ ሲሆን ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ ሐኪም የመሰለ ሰውዬ ብቅ ይልና፣ የወደቀውን ይረዳዋል ብዬ ስጠብቅ፣ ሁለት ባንዲራ አውለብልቦ ይመለሳል።

ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፍተው፣ «ስሚ እስቲ፣ ይሄ ኳስ ነው ወይስ ግብግብ?» አሉኝ። ለአውስትራሊያዊው ተረጎምኩለት።

«ሥራዬ ነበር» አለ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ። «ዘጠኝ ዓመት።»

ክው አልኩ። በየቀኑ ስለ ሣጥን ቁጥር የምጨቃጨቀው ሰው ከኪሱ አንዲት የተሻሸች ካርድ አወጣ። በማስቲካ ማሸጊያ ውስጥ እየተከተተች ለልጆች የምትሸጥ ናት፤ ጢም ያለው፣ ጆሮው ደህና የሆነ ጎረምሳ ኳስ አቅፎ ይስቃል። ከሥሩ የእሱ ስም ተጽፏል። በአገሩ ሕፃናት ይህን ፊት ትምህርት ቤት ውስጥ ሲለዋወጡ ኖረዋል፤ እኛ መጋዘን ውስጥ ግን ስሙን እንኳ አስተካክሎ የሚጽፍለት አልነበረም። ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም ብዬ ተቆጣሁት። ምን ብዬ ልንገርሽ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ጀመረ። ጨዋታ ኖረም አልኖረም ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ለጋሼ ያወራል፣ እኔ እተረጉማለሁ። የተወለደው በስንዴ አገር ነው፤ ጎረቤት ጋ ለመድረስ መኪና በሚያስፈልግበት ቦታ። አባቱ ሳምንቱን ሙሉ አርሶ ቅዳሜ ለትንሿ ከተማቸው ቡድን የሚጫወት ሰው ነበር። ልጁን በአምስት ዓመቱ ኳስ አስይዞ ከውሃ ታንክ ፊት አቆመው። ታንኩ ላይ የተቀባችውን ነጭ ምልክት አሥር ጊዜ ሳይመታ ለእራት አይጠራም። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከትልቁ ከተማ የአንድ ክለብ መልማይ መጥቶ ይዞት ሄደ። ያን ቀን አባቱ ትራክተሩን መንገድ ዳር አቁሞ፣ መኪናው ከዓይኑ እስኪጠፋ ኮፍያውን ይዞ ቆመ።

ፕሮፌሽናል ሲባል ሀብታም ማለት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ቀን ቀን የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ከሥራ ሲወጣ ልምምድ፣ ቅዳሜ ግጥሚያ። ያቺ ጣት የወለቀችው በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ከጎረቤቷ ጋር በፋሻ አስረውለት ጨዋታውን ጨረሰ። የትከሻው አጥንት ሁለቴ ተሰብሯል። ተመትቶ ራሱን ሲስት የሚያቃጥል ሽታ አፍንጫው ሥር ያደርጉለትና፣ ሐኪሙ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቀዋል። ጓደኞቹ ከኋላ ሆነው ቅዳሜ ብለው ሹክ ይሉታል። ቅዳሜ ይላል፤ ወደ ሜዳ ይመለሳል። ስንቴ እንደሆነ አያስታውስም። ይህን ሲነግረን ይስቅ ነበር። በጭነት ወረቀቱ ላይ የሳቅሁበት ቀን ሁሉ አንድ በአንድ መጣብኝ። አፌ ቁርጥ ይበል አልኩ በልቤ።

አንድ ቅዳሜ ጋሼ ስለ አባቱ ጠየቁት። ከመደርደሪያው አራት ጣሳ አውርዶ ባንኮኒው ላይ አቆመ፤ ሁለቱን የቲማቲም ጣሳ መሐል፣ ሁለቱን የሽንብራ በጎንና በጎን። በመሐለኞቹ የገባ ስድስት ነጥብ ነው፤ በመሐለኛውና በጎኑ መካከል የወጣ አንድ ብቻ። ለፍጻሜ የሚያሳልፈው ጨዋታ ነበር። ቡድኑ በአራት ነጥብ እየተመራ ሳለ ኳሷን ከአየር ላይ ቀለበ፤ በዚያው ቅጽበት የማብቂያው ደወል ጮኸ። በእነሱ ደንብ አንዴ ከቀለብክ ሰዓቱ ቢያልቅም ትመታለህ። ስለዚህ ሁሉም ቆሞ እያየው ብቻውን ሊመታ ተዘጋጀ። አባቱ ከስንዴ አገር ድረስ መጥቶ ከሰው መሐል ተቀምጧል። ኳሷ በቲማቲሙና በሽንብራው መካከል ወጣች።

አባቱ መልበሻ ክፍል ድረስ ገብቶ በጓደኞቹ ሁሉ ፊት፣ ይህን ያህል ዓመት የደከምኩብህ ለዚህ ነው ወይ አለው። ልጁም የተናደደ አፍ ምን አይልም፤ አንተ ያቃተህን በእኔ እግር ልትሠራ ነው ያሳደግኸኝ፣ ከእንግዲህ አባት የለኝም ብሎ መለሰ። በሚቀጥለው ዓመት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፤ ሁለቴ ኦፕራሲዮን ሆነ፤ ክለቡ በአንድ ገጽ ደብዳቤ አሰናበተው። አሜሪካዊት አግብቶ ሲያትል መጣ፣ ትዳሩም ፈረሰ። ወደ ቤት ሲደውል አባቱ ስልኩን ለእኅቱ አቀብሎ ወደ ጓሮ ይወጣል። ሰባት ዓመት እንዲህ ሆነ።

ጋሼ ደነገጡ። እሳቸውን ያስደነገጣቸው የጉልበቱ መበጠስ አልነበረም። «ሶ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ሽማግሌ የላከ የለም?» አሉ።

ሽማግሌ መላክ ምን እንደሆነ ሳስረዳው ሳቀ። ጋሼ ግን አልሳቁም፤ የአባቱን አድራሻ ጻፍልኝ አሉት፣ ጻፈላቸው። እሳቸው በአማርኛ እየተናገሩ እኔ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ወንድሜ ሆይ፣ አንተዋወቅም፤ ልጅዎ እዚህ በእኛ መሐል አለ፤ ሠርቶ ያድራል፣ ሰው ያከብራል፤ ስለ ተናገረው ክፉ ቃል በእሱ ፈንታ እኔ እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ፤ እባክዎ ስልኩን አንሥተው በስሙ ይጥሩት። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ እንግዳ ነገር ይሆናል፤ እኔ ግን አንድም ቃል አልቀነስኩም። በማግሥቱ ፖስታ ቤት ወስጄ ላክሁት።

ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ። መልስ የለም። አውስትራሊያዊው ጋሼን ባገኘ ቁጥር ስለ ደብዳቤው ይጠይቃል። በቀልድ ይጀምራል፤ ዓይኑ ግን አይቀልድም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይህ ሰው ጉልበቱን አይፈልግም፣ ክለቡን አይፈልግም፣ ካርዷ ላይ የሚስቀውንም ጎረምሳ አይፈልግም። አባቱ አንድ ቀን እንዲያናግረው ነው የሚፈልገው፣ በቃ።

ኅዳር ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ ሰባት ሰዓት ላይ የቢሮው ስልክ ጮኸ። እኅቱ ናት፤ እነሱ ጋ ሲነጋ መሆኑ ነው። እሱ በዚያ ሰሞን ከከተማው ወጣ ብሎ ሾርላይን የሚባል ቦታ ቤት ተከራይቶ ስልክ ገና አልገባለትም ነበር፤ በእጇ ያለው ቁጥር የእኛው ብቻ ነው። አባታችን በጣም ታሟል፣ ሊያናግረው ይፈልጋል፣ ዛሬውኑ ይደውል በይው አለችኝ። ከዚያ አለቀሰች። እሺ እነግረዋለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ተቀመጥኩ።

ይህን አነጋገር አውቀዋለሁ አልኩ። ካርቱም ሳለሁ፣ እናትሽን ትንሽ አሟታል፣ ናፍቀሻታል፣ ጻፊላት የሚል መልእክት ደርሶኝ ሁለት ደብዳቤ ጽፌ ነበር። ሲያትል በገባሁ በወሩ፣ አንድ እሑድ ማለዳ፣ ጋሼና የቸርቹ ሰዎች በሬን አንኳኩ። ለካ እናቴ ያን ጊዜ ሁሉ መቃብር ውስጥ ነበረች፤ ስለ ጤናዋ የጠየቅሁት የሞተች ሴት ነው። በእኛ ዘንድ ከሩቅ አገር ታሟል ተብሎ ከተላከ ሰውየው የለም። መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰው፣ ሥራ ላይ ላለ ሰው፣ ሊመሽበት ለተቃረበ ሰው አይነገርም። በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው በዙሪያው ቆሞ ነው። ያን እሑድ የደበቁኝን ሁሉ ረግሜያለሁ፤ ስወድቅ የያዙኝ እጆች ግን የእነሱው ነበሩ።

ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል። እኔ ጨመርኩበት። ጋሼ ሱቅ ደወልኩ፤ ታሟል አላልኳቸውም። «ጋሼ፣ የልጁ አባት አርፈዋል፤ አሁን ኮል አደረጉ» ነው ያልኳቸው።

ጋሼም፣ «ዛሬ ምንም እንዳትነግሪው» አሉኝ። «ኦኬ? መኪና ይነዳል። ነገ በማለዳ ሰው ይዘን እንሄዳለን።»

አመሻሽ ላይ ቢሮውን ልንዘጋ ስንል ስልኩ እንደገና ጮኸ። እሷ እንደሆነች አውቄያለሁ። ነገርሽው ወይ ብላ ብትጠይቀኝ ምን እላታለሁ ብዬ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እስኪያቆም ጠበቅሁ። ብዙ ጮኸ። ከዚያ መብራት አጥፍቼ ወጣሁና ፒካፑ ውስጥ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስለ አንድ የተቀደደ የዓሣ ካርቶን እያወራ ይስቃል። ምን ሆንሽ ሲለኝ ራሴን አሞኛል አልኩት። ሱቁ ጋ ስንደርስ ጋሼ ወጥተው በመስኮቱ በኩል ትከሻውን ያዙት፤ በሳህን የተከደነ ምግብም አስያዙት፤ ነገ እህል አይወርድለትምና ዛሬ ይብላ ብለው ነው። ግራ ገብቶት፣ ምን አደረግሁና ነው እያለ ሄደ። እውነቱን ልናገርና፣ እኔ ያን ቀን ኮርቼ ነበር። ፈረንጅ ለፈረንጅ የማያደርገውን ላደርግለት ነው ብዬ ነበር።

በማግሥቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በጋሼ መኪና ሾርላይን ደረስን። እኔ፣ ጋሼና ከቸርች ሁለት ጠንካራ ወንዶች፤ ሁላችንም ጥቁር ለብሰናል። ያካፋል። በሩን በቁምጣ ከፈተ። ወንጌል ልንሰብከው የመጣን መስሎት ሊዘጋብን ሲል እኔን አየኝ። ገባን፣ አስቀመጥነው፤ ሁለቱ ሰዎች ራሱን እንዳይጥል ከኋላው ቆሙ። ጋሼ ልጄ፣ ሁላችንም ሟች ነን ብለው ጀመሩ። እኔ እየተረጎምኩ መጨረሻው ላይ ደረስኩና አባትህ አርፏል አልኩት።

አላለቀሰም። ያለቀስነው እኛ ነን። እሱ አንድ በአንድ አየንና፣ «ማን ነገራችሁ?» አለ።

እኅትህ አልኩት። መቼ አለኝ። ትናንት ከምሳ በኋላ አልኩት።

«ምን አለችሽ? እሷ ያለችውን ንገሪኝ።»

«በጣም ታሟል፣ ሊያናግረው ይፈልጋል፣ ዛሬውኑ ይደውል» አልኩ። ቃሉን የሰማሁት ከራሴ አፍ ሲወጣ ነው። ትናንት በጆሮዬ ገብቶ ነበር እንጂ አልሰማሁትም። በዚህ አገር ሰው ታሟል ሲል ታሟል ማለቱ ነው። ይህን ከሁለት ዓመት በላይ ከኖርኩ በኋላ፣ እዚያ ምንጣፍ ላይ ቆሜ አወቅሁት።

ከኋላው የቆሙትን ሁለት ሰዎች እንደ ሕፃን ገፍቶ ወጣ። ካፖርት ደርቦ፣ በባዶ እግሩ፣ በዚያ በተበጠሰ ጉልበቱ በቅርብ ካለ ነዳጅ ማደያ ጥግ ወዳለው የሕዝብ ስልክ ሮጠ። ተከተልነው። ጋሼ እያለከለኩ ወዴት ነው የሚሄደው ይሉኛል። አምላኬ፣ አንድ ሰዓት ብቻ፣ እያልኩ ነበር የምሮጠው። ሰውየው እንዲቆይ፣ ጣር ላይም ቢሆን እንዲቆይ፣ ድምፁን እንኳ እንዲሰማው። ኦፕሬተሯ ሒሳቡን ወደ እኅቱ አድርጋ አገናኘችው። «አባባስ?» አለ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ስንት ሰዓት ላይ ብሎ ጠየቀ። ደግሞ አዳመጠ፤ ስልኩን ቀስ ብሎ ሰቀለው።

አባቱ የሞተው ከሦስት ሰዓት በፊት ነው። እነሱ ጋ ምሽት ነበር። የጋሼ ደብዳቤ ከደረሰው ቀን ጀምሮ በኮት ኪሱ ይዞት ይዞር ነበር፤ አልመልስም ይላል፣ አይጥለውምም። ያን ቀን ጠዋት ግን የስልኩን ሽቦ አስረዝመው አልጋው ድረስ እንዲያመጡለት አዘዘ። አሥራ አራት ሰዓት ሙሉ በጮኸ ቁጥር እጁን ይዘረጋል፤ ጎረቤት ይሆናል፣ ሐኪም ይሆናል፣ መልሶ ይሰጣቸዋል። ሴት ልጁ ምን ልትለው ነው፣ ለእኔ ንገረኝና ልንገርልህ ብትለው እምቢ አላት። ለራሱ ነው የምነግረው አለ።

ይህን ሁሉ አውስትራሊያዊው እዚያው ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ነገረኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም።

«ይቅር ሊልህ ነበር» አልኩት።

«አታውቂም» አለኝ። «ትናንትም አታውቂም ነበር።»

ጋሼ እጄን ያዙና፣ «ምን አለ?» አሉኝ። ልደብቃቸው እችል ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ አለ ብላቸው ያምኑኝ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አርፈዋል ያልኳቸው ሰው ትናንት ቀኑን ሙሉ በሕይወት እንደነበር፣ ደብዳቤያቸውን ኪሱ ውስጥ እንደያዘ፣ ስልኩ አጠገብ እንደጠበቀ። ጋሼ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ እጄን ለቀቁ።